ኢንሱሊን እንደ ሊጥ ይቦካል፦ ወላጆች ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማችኋል?



በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ በተለያየ አባባል ደጋግሞ ይመጣል፦ «ዶክተር፣ የልጄ ኢንሱሊን በሌላ ካርቶን ተቀይሮ ተሰጠን። ይሠራል ወይስ ርካሽ ስለሆነ ነው የሰጡን?» ሌላው ደግሞ፦ «ዱባይ ያለችው እህቴ ኢንሱሊን ልትልክልኝ ነው፤ የውጪው አይሻልም ወይ?» ይላል።

ለሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ መልስ ለማግኘት ኢንሱሊን እንዴት እንደሚመረት ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እንደ ፓራሲታሞል በኬሚካል ቅመማ የሚሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ኢንሱሊን እንደ ሊጥ ይቦካል። የሚያመርቱት በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ዛሬ ይህን በቀላሉ ላስረዳችሁና በመጨረሻ ስለ ሀገራችን ያለኝን አቋም ልነግራችሁ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መጀመሪያ ከየት ይመጣ ነበር?

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። አይነት 1 የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ቆሽቱ ይህን ሆርሞን ማመንጨት ያቆማል። ከውጪ ካልተሰጠው በሕይወት መቆየት አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ተመራማሪዎች ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት ማውጣት ቻሉ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ውጤቱ ግን አላረካም፤ ስኳሩ የወረደው ጥቂት ነበር፣ የተወጋበት ቦታም አበጠ። ምክንያቱም መድኃኒቱ በደንብ አልተጣራም። ጄምስ ኮሊፕ የተባለ ባዮኬሚስት ማጣራቱን አሻሻለና ከ12 ቀን በኋላ በድጋሚ ተሰጠው። በዚህ ጊዜ ልጁ አገገመ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ልጁ ያው ነው፣ በሽታውም ያው ነው፣ ሆርሞኑም ያው ነው። በሁለቱ መርፌዎች መካከል የተለወጠው የአመራረቱ ሂደት ብቻ ነው። ስለ ባዮቴክኖሎጂ መድኃኒት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመት ያህል ኢንሱሊን የሚገኘው ከቄራ ከሚሰበሰብ የበሬና የአሳማ ቆሽት ነበር። 230 ግራም ገደማ ንጹሕ ኢንሱሊን ለማግኘት ከ2 ቶን በላይ የአሳማ ቆሽት ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሳይንቲስቶች የሰውን ኢንሱሊን መመሪያ የያዘ ዘረመል ኢ. ኮላይ በምትባል ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ባክቴሪያዋ የሰው ኢንሱሊን እንድትሠራ አደረጉ። በ1982 መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ አንዳንድ አምራቾች በዚህችው ባክቴሪያ፣ ሌሎች ደግሞ ዳቦ በሚቦካበት እርሾ ይጠቀማሉ።

አንዳንዶቻችሁ «ባክቴሪያ ከሆነ ልጄን አይበክለውም?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አይበክልም። ባክቴሪያዋ ሥራዋን ጨርሳ ትወገዳለች፤ ብልቃጡ ውስጥ የሚገባው ተጣርቶ የወጣው ሆርሞን ነው።

ማብኪያው ምን ይመስላል?

ኢንሱሊን የሚቦካበት ዕቃ ባዮሪአክተር ይባላል። እናቶች ይህን ለመረዳት ከማንም ትቀርባላችሁ። እንጀራ ለመጋገር ምን ታደርጋላችሁ? ዱቄት፣ ውኃና እርሾ ታዋህዳላችሁ። ቤቱ ከቀዘቀዘ ሊጡ ቶሎ አይቦካም፤ ከሞቀ ይኮመጥጣል። ቡሃቃው ካልጸዳ ሊጡ ይበላሻል። ጠላ የሚጠምቁም ጋኑን በወይራ የሚያጥኑት አለምክንያት አይደለም።

ባዮሪአክተርም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ ሁሉም ነገር በመሣሪያ ይለካል። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ትልቅ ጋን ነው። ውስጡ ማማሰያ አለው። ከሥሩ ከጀርም የተጣራ አየር ይገባል። ዙሪያውን ውኃ የሚዞርበት ድርብ ግድግዳ አለው፤ ሙቀቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። የአሲድ መጠኑን፣ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅንና ሙቀቱን ያለማቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎች ተሰክተውበታል።

በእርሾው ላይም ልዩነት አለ። እኛ ቤት ከትናንቱ ሊጥ የተረፈው እርሾ ለዛሬው ይሆናል፤ ስለዚህ የጎረቤት እንጀራ ጣዕሙ ከእናንተ ይለያል። ፋብሪካ ውስጥ ይህ አይፈቀድም። መጀመሪያ የተመረጠችውና የተፈተነችው ባክቴሪያ በብዙ ትናንሽ ብልቃጦች ተከፋፍላ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ትቀመጣለች። እያንዳንዱ ምርት የሚጀመረው ከዚያ ክምችት ብቻ ነው። የዛሬውና የመጪው ዓመት ምርት አንድ እንዲሆን የሚያደርገው የመጀመሪያው ጥንቃቄ ይህ ነው።

ከትንሹ ወደ ትልቁ መሄድ ለምን ይከብዳል?

«ታዲያ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተሳካ በትልቅ ጋን ማብዛት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ለሁለት ሰው የሚሆን ወጥ የምትሠራ ሴት ለሦስት መቶ የሠርግ እንግዳ ወጥ ስትሠራ ሁሉን በ150 አባዝታ አይሳካላትም። እሳቱ ከሥር ያሳርራል፣ ላዩ አይሞቅም፣ ማማሰሉ ጉልበት ይፈልጋል። በባዮሪአክተርም እንዲሁ ነው።

1. ሙቀት። ባክቴሪያዎች ሲበሉና ሲራቡ ሙቀት ይለቃሉ። የጋኑን ቁመትና ስፋት እጥፍ ብታደርጉት የሚይዘው ፈሳሽ 8 እጥፍ ያድጋል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ግድግዳ ግን 4 እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። በጠርሙስ ያልታየ ችግር በትልቁ ጋን ይታያል።

2. ኦክስጅን። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ ለብ ባለ ውኃ በሊትር 10 ሚሊግራም እንኳን አይሞላም። ባክቴሪያዎቹ በጣም ሲበዙ ይህን በቅጽበት ይጨርሱታል። ስለዚህ አየር ያለማቋረጥ መንፋትና በኃይል ማማሰል ያስፈልጋል። ማማሰሉ ሲበዛ ደግሞ አረፋ ይነሳል።

3. ምግብ። ለኢ. ኮላይ ስኳሩን በአንድ ጊዜ ከሰጣችኋት ከሚገባት በላይ ትበላና አሲድ ታመርታለች፤ አሲዱ ዞሮ እሷኑ ያዳክማታል። ስለዚህ በጠብታ በጠብታ ትመገባለች።

4. ብክለት። አንዲት ያልተጋበዘች ጀርም ከገባች ሙሉ ጋኑ ይደፋል። የሳምንታት ሥራ በአንድ ቀን ይጠፋል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች መጀመሪያ በጥቂት ሊትር መሣሪያ ደጋግመው የሚሞክሩት፤ ከዚያ ወደ መቶዎች፣ በመጨረሻ ወደ ሺዎች ሊትር ያድጋሉ። ጥሩ የሂደት መሐንዲስ ደግሞ ትልቁን ጋን ከመጀመሪያው ያስባል። በትልቁ ሊደገም የማይችል ዘዴ በትንሹ ቢሳካ አይጠቅመውም።

ሲቦካም ሥራው አያልቅም። ኢ. ኮላይ የሠራችው ኢንሱሊን በሆዷ ውስጥ ተጨማድዶ ይቀመጣል። እሱን ማውጣት፣ መፍታት፣ በትክክለኛው ቅርጽ እንደገና ማጠፍ፣ በኢንዛይም መቁረጥ፣ ከዚያም ደጋግሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በመጨረሻ ከጀርም ፍጹም ነጻ በሆነ ክፍል ውስጥ ወደ ብልቃጥ ይሞላል። የቶሮንቶውን ልጅ መርፌ የበደለው የማጣራቱ ጉድለት እንደነበር አትርሱ።

መድኃኒት ማግኘትና ማምረት ሁለት ነገር ነው

እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ አንድ ፖሊስ በከባድ ኢንፌክሽን ሊሞት ደርሶ ፔኒሲሊን ተሰጠው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻለው። ግን መድኃኒቱ አለቀ። ሐኪሞቹ ከሽንቱ እየመለሱ አጣርተው እስከመስጠት ደረሱ፤ አልበቃም፤ ሰውየው ሞተ። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ታውቋል፣ ሐኪሞቹ አሉ፣ የጎደለው ብዛት ነው። በዚያን ጊዜ ሻጋታውን የሚያሳድጉት በጠርሙስና ለሕመምተኛ መጸዳጃ በሚሆን ዕቃ ሳይቀር ነበር፤ ሻጋታው የሚያድገው በፈሳሹ ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ ምርቱ ትንሽ ነው። ሻጋታው በጥልቅ ጋን ውስጥ በማማሰልና አየር በመንፋት እንዲያድግ የሚያስችለው ዘዴ ሲሠራ፣ በ1944 በአሜሪካ በብዛት መመረት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነው ፔኒሲሊን ለሁሉም የደረሰው።

ተቃራኒውም ይደርሳል። በ2009 አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ባዮሪአክተሮቹ ውስጥ ቫይረስ ገባ። ቫይረሱ ሰውን አያሳምምም፤ ግን መድኃኒት የሚሠሩትን ሴሎች አዳከመ። ፋብሪካው ተዘግቶ እስኪጸዳ ድረስ ጎሸር በሚባል ብርቅዬ የዘር በሽታ የተያዙ ሕፃናትና አዋቂዎች መድኃኒታቸውን በራሽን ወሰዱ። በአንድ ጋን የተፈጠረ ችግር በብዙ አገር ያሉ ቤተሰቦችን አስጨነቀ።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልመለስ።

«ካርቶኑ ተቀየረ፤ ይሠራል?» በመጀመሪያ ስሙን ሳይሆን አይነቱን እዩ። ጥርት ያለው አጭር ጊዜ የሚሠራው (ሬጉላር) ነው? ደፍረስ ያለው ኤን.ፒ.ኤች. ነው? ወይስ የሁለቱ ቅልቅል? አይነቱ አንድ ከሆነና ከሕጋዊ ጤና ተቋም ወይም ፋርማሲ የመጣ ከሆነ፣ አምራቹ በመለወጡ ብቻ አትደንግጡ። ሌላ አምራች መድኃኒቱ ተመሳሳይ መሆኑን በምርመራ ማሳየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2019 ጀምሮ የሰው ኢንሱሊን አምራቾችን ጥራት የሚገመግምበት አሠራር ጀምሯል። የዋጋው መርከስ ብቻውን የመጥፎነት ምልክት አይደለም። ግን ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የልጁን ስኳር ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ለኩ። አይነቱ ራሱ ከተቀየረ ደግሞ ሐኪም ሳያስተካክለው መጠኑን እንዳለ አትስጡ።

«የውጪው አይሻልም ወይ?» ኢንሱሊን ከሕያው ሴል የተሠራ፣ በጥንቃቄ የታጠፈ ፕሮቲን ነው። እንቁላል ሲሞቅ እንደሚረጋና ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ኢንሱሊንም በሙቀትና በበረዶ ቅርጹን ያጣል። ምርጥ ፋብሪካ የሠራው ኢንሱሊን በባሕረ ሰላጤው ሙቀት በመኪና ውስጥ ከዋለ ወይም በአውሮፕላን የዕቃ ክፍል ከቀዘቀዘ ዋጋ የለውም። የምትልከው እህት ፍቅሯ እውነት ነው፤ ሻንጣው ግን ሙቀት አይለካም። ግድ ከሆነ በእጅ ሻንጣ፣ በማቀዝቀዣ ቦርሳ፣ ከበረዶው ጋር ሳይነካካ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይምጣ። አይነቱን ሐኪማችሁ ሳያየው ግን አትጀምሩት።

እነዚህን በቤታችሁ አስታውሱ፦

1. ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ፍሪዘር ውስጥ ወይም ከፍሪዘሩ ግድግዳ ተጠግቶ በፍጹም አይቀመጥ። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ይጣል።

2. የተከፈተው ብልቃጥ ፀሐይ በማይነካው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ለ4 ሳምንት ገደማ ያገለግላል። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት።

3. ፍሪጅ ከሌላችሁ ወይም መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሁለት የሸክላ ዕቃ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጋችሁ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ ጨምሩ፤ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በውስጠኛው አስቀምጡ። አየር በሚነፍስበት ጥላ ስፍራ ይሁን። እንደ ፍሪጅ ባይሆንም የሙቀቱን ጉዳት ይቀንሳል።

4. ጥርት ያለው ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ወይም ደፍራሹ በእጅ ሲንከባለል ካልተዋሃደና ግድግዳው ላይ ከተጋገረ፣ አትጠቀሙት።

5. በብልቃጡ ላይ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የሚል ከሆነ ሲሪንጁም የ100 መሆን አለበት። 40 የሚል ከሆነ የ40። መቀላቀሉ ሕይወት ያሳጣል።

6. «ይህን ዱቄት ከጠጣ ኢንሱሊኑን ተውት» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። አይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

አቋሜ፦ ከጋኑ በፊት ሰው

«ታዲያ እኛ ሀገር ለምን አይመረትም?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። መመረት አለበት ብዬ አምናለሁ። በኮቪድ ጊዜ ክትባት የሚያመርቱ አገሮች ቅድሚያ ለራሳቸው ሲያደርጉ ሌላው ሲጠብቅ አይተናል። የአፍሪካ ኅብረትም በ2040 አህጉሪቱ ከምትፈልገው ክትባት 60 በመቶውን ራሷ እንድታመርት ግብ ይዟል። ጥሩ ግብ ነው።

ነገር ግን ትልቅ ጋን ገዝቶ ሪባን በመቁረጥ የሚጀመር ፕሮጀክት አያጓጓኝም። ከላይ እንዳያችሁት አስቸጋሪው ነገር ብረቱ አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኦክስጅኑ ሲወርድ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ቴክኒሻን፣ የተበላሸውን የአሲድ መለኪያ የሚጠግን ሰው፣ የተጠራጠረውን ምርት «ይደፋ!» ለማለት ሥልጣን ያለው የጥራት ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መብራትና ንጹሕ ውኃ ናቸው አስቸጋሪዎቹ።

ስለዚህ ከመጨረሻው ብንጀምር ይሻላል እላለሁ። በመጀመሪያ ተጣርቶ ያለቀውን ኢንሱሊን በብዛት አስመጥቶ ከጀርም በነጻ ክፍል ወደ ብልቃጥ መሙላትና ጥራቱን እዚሁ መፈተን። ጎን ለጎን በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚይዙ ትናንሽ ባዮሪአክተሮችን አስገብቶ ተማሪዎች በእጃቸው እንዲያቦኩ፣ እንዲሳሳቱ፣ እንዲለኩ ማድረግ። ከዚያ የመቶዎች ሊትር መሞከሪያ። ትልቁ ጋን በስተመጨረሻ ይምጣ።

«በርካሽ እየገዛን ለምን እንለፋ?» የሚሉም አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ አነስተኛ ፋብሪካ በዋጋ ከግዙፎቹ ጋር ለመወዳደር ይቸገራል። ለዚህም ነው ጥድፊያውን የምቃወመው። ነገር ግን ርካሹ መድኃኒት ርካሽ የሚሆነው ሲገኝ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ወይም የሩቁ ፋብሪካ ሲዘጋ ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ለሚቀጥለው ወር ጨረታ ሊጠብቅ አይችልም። ቢያንስ መሙላትና መፈተን የምትችል ሀገር ከሌሎች አምራቾች በቶሎ ገዝታ ችግሩን ማለፍ ትችላለች። የገዛችው ነገር ትክክል መሆኑንም ራሷ ታውቃለች።

ደግሞ ከባዶ አንጀምርም። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክትባት ሲያመርት ኖሯል፤ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ልኳል። ሴል ማሳደግ፣ ብክለት መከላከል፣ ምርትን መፈተን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን አሉ ማለት ነው። ለከብቶቻችን የቻልነውን ለልጆቻችን የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሰው መድኃኒት የሚጠይቀው ጥንቃቄ የበለጠ መሆኑን አውቀን፣ ደረጃ በደረጃ።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ ባዮሎጂ ወይም ኬሚካል ምሕንድስና ላጥና ሲላችሁ «ሐኪም ብትሆን ይሻልህ ነበር» አትበሉት። እኔ አንድ ታካሚ በአንድ ጊዜ አያለሁ፤ አንድ ጋን በሥርዓቱ የሚያቦካ ባለሙያ ግን በአንድ ምርት ለብዙ ሺህ ታካሚ ይደርሳል።

እስከዚያው ግን በእጃችሁ ያለውን ብልቃጥ ጠብቁት። ብዙ ሰዎች በብዙ ጥንቃቄ አምጥተው በራችሁ ላይ አድርሰውታል፤ የመጨረሻው የጥራት ተቆጣጣሪ እናንተ ናችሁ።

ዛሬ ማታ ፍሪጃችሁን ከፍታችሁ ኢንሱሊኑ የት እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደሚያልፍበት እዩ። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት መስጫው ጻፉልኝ፤ የመጠን ለውጥ ግን ከሚከታተላችሁ ሐኪም ጋር ብቻ ይሁን። የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ላለው ቤተሰብ ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!